ሠላሳ እስክትቆጥር

ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ፤ ነበርኩበት። ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም። እኔም ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

እሑድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ ፏ ብላለች።

ቦታው ታልካዋኖ የምትባለው የባሕር ጠረፍ ከተማችን፣ ወደቡ አጠገብ። ድሮ የዓሣ መረብ ይከማችበት የነበረ መጋዘን አለ፤ ፎቁ ላይ ነው የምንለማመደው። መውጫው አንድ የብረት ደረጃ ብቻ ነው። ደረጃው ሥር ዶን ኤሊሴዎ የሚባሉ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

ያስና እባላለሁ። ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ከበሮው የወንድሜ የጋስቶን ነው። ሬናቶ ጊታር ይጫወታል፣ ቀረጻውንም እሱ ነው የሚይዘው። ባንዳችን «ሻካራ ጨው» ይባላል፤ ዘፋኝ የሌለው የሜታል ባንድ ነው። አንዱ ሥራችን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ምቱ በአምስት ሲሄድ ይቆይና ድንገት ሰባት ይሆናል። እናቴ «ደረጃ ላይ የሚንከባለል ድስት» ትለዋለች።

ድሮ ዘፋኝ ነበረን። ኒባልዶ።

ምድር የተንቀጠቀጠች ጊዜ፣ ባሕሩ ከተማው ውስጥ ገብቶ ወሰደው። ጋስቶን «ፈልጌ አጣሁት» አለን። ወንድሜ ነው፣ አመንኩት።

ሌላ ዘፋኝ አልፈለግንም። ግጥሙን በሙሉ አወጣነውና በየሥራው መሃል ለኒባልዶ የሠላሳ ምት ዝምታ ተውንለት። ሐሳቡ የጋስቶን ነው። ሁላችንም በልባችን ሠላሳ እንቆጥራለን፣ ከዚያ በእኔ ቤዝ እንመለሳለን። አድማጩ ይህን ዝምታ ወደደው፤ መታወቂያችን ሆነ። ለምን ሠላሳ እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም።

የኒባልዶን ማይክሮፎንም አላነሣነውም። እንደ ድሮው መካከላችን ቆሟል። በቀረጻ ጊዜ ሬናቶ ቻናሉን ይዘጋዋል።

የዚያን ዕለት ረሳው።

«ዛሬ ካበላሻችሁብኝ ጊታሬን ሰቅዬ ዓሣ ነው የምነግደው» አለ ሬናቶ፣ ሶፓይፒያ የምንለውን በዘይት የተጠበሰ ቂጣ እየገመጠ።

«ዓሣውም ከምት ይወጣብሃል» አለው ጋስቶን።

ሳቅን። ጀመርን።

ዝምታው ጋ ደረስን። አንድ... ሁለት... ሦስት...

አሥር ላይ የጋስቶን ትንሿ ከበሮ ሥር የተወጠረው ሽቦ ብቻውን መንዘር ጀመረ። ዝዝዝዝ...

እኛ አገር ለትንሽ መንቀጥቀጥ ማንም ከወንበሩ አይነሣም። ቀና ብለን የተንጠለጠለውን አምፖል እናያለን። ከተወዛወዘ መሬቷ ናት። አልቆም ካለ ወደ ኮረብታው መሸሽ ነው።

«ትንሽ ናት» አለ ሬናቶ በሹክሹክታ። ቀና እንኳ አላለም።

እኔ ግን አየሁት።

አምፖሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሥራውን ጨርሰን ቀረጻውን ስናዳምጥ ሬናቶ መሃል ላይ አቆመው።

«ማነው ያወራው?»

«ማንም» አልኩት።

«የኒባልዶ ቻናል ክፍት ነበር። ስሙ።»

መጀመሪያ ትንፋሽ ነው። አጭር አጭር፣ የደከመው ሰው ትንፋሽ። ከዚያ...

«...ሃያ ሰባት... ሃያ ስምንት... ሃያ ዘጠኝ...»

እዚያ ላይ ቆመ። ሠላሳን አላለም።

«ከጆሮ ማዳመጫ ያመለጠ ድምፅ ይሆናል» አለ ሬናቶ።

«እኛ እኮ ድምፅ አውጥተን አንቆጥርም» አልኩት።

ጋስቶን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያስና...»

«ምንድነው?»

«አግኝቼው ነበር።»

«ኒባልዶን?»

«ምሰሶ እግሩ ላይ ወድቆበት ነበር። ሠላሳ እስክትቆጥር ክሪክ ይዤ እመለሳለሁ አልኩት። መቁጠር ጀመረ። መኪናው ጋ ስደርስ ውሃውን አየሁት...»

«ከዚያስ?»

«ወደ ኮረብታው ነዳሁ።»

ስንት ዓመት ሙሉ በዚያ ዝምታ ውስጥ አብረነው ስንቆጥር ኖረናል። ያን ሰዓት ወንድሜን ጠላሁት። ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው፤ ሌላ ወንድም የለኝም።

«ተነሥ፣ ቤት እንሂድ» አልኩት።

«አንዴ ብቻ እንድገመው።»

«ጋስቶን፣ በእናትህ...»

«አንዴ። ከዚያ እንሄዳለን።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ቤዙን አነሣሁ።

ዝምታው ጋ ደረስን። ሽቦው ነዘረ። አምፖሉን አየሁት፤ ቆሟል።

አሥራ አምስት... አሥራ ስድስት...

ጋስቶን ዱላዎቹን አስቀመጠ። ተነሣ። ቀስ ብሎ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ።

ሃያ ሁለት... ሃያ ሦስት...

አፉን አስጠጋ።

«መጣሁ» አለ በሹክሹክታ።

ሠላሳ ላይ መግባት የእኔ ተራ ነው። ቤዙን ብመታ ዝምታው ያበቃል፤ ወንድሜም ወደ ከበሮው ይመለሳል። ይህን አውቄዋለሁ፣ እንዴት እንዳወቅሁት ግን አትጠይቁኝ።

ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ።

ሠላሳ አለፈ።

ጋስቶን በሩን ከፍቶ ወጣ። እርምጃው በብረቱ ደረጃ ላይ ሲወርድ ሰማነው። ደረጃው አሥራ አራት ነው። እኔ ሠላሳ እርምጃ ቆጠርኩ።

ተንደርድረን ወረድን። ዶን ኤሊሴዎ መረባቸውን እንደያዙ ናቸው።

«ጋስቶን በየት ሄደ?»

«ማን?» አሉ። «ልጄ፣ ከዚህ ደረጃ የወረደ ሰው የለም።»

ስምንት ወር ሆነው። አልተገኘም።

ሬናቶ ያንን የመጀመሪያውን ቀረጻ እንደገና አንድ ጊዜ ብቻ ከፈተው። አሁን የሚቆጥሩት ሁለት ናቸው። አንደኛውን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሃያ ዘጠኝ ላይ አብረው ያቆማሉ... እና ይጠብቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ቤዝ ነክቼ አላውቅም።

ይህን የምጽፍላችሁ ቤቴ ሆኜ ነው። እሑድ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት። ቤዙ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከምንም ጋር አልተገናኘም።

ወፍራሙ ክር እየነዘረ ነው።

ቀና ብዬ አምፖሉን አየሁት...

አልተወዛወዘም።