ሁለት መቶ ሜትር ወደ ምዕራብ

ቀያሹና የመረጃ ተንታኟ ፊት ለፊት ከመተያየታቸው በፊት የተዋወቁት በአንድ ሠንጠረዥ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ነው።

የውሃ መሥሪያ ቤቱ የከተማውን ጉድጓዶች እየመዘገበ ነበር። እሱ በእግሩ እየዞረ እያንዳንዱ ጉድጓድ ያለበትን ቦታ በእጅ በሚያዝ የጂፒኤስ መሣሪያ ይለካል። እሷ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ «አር» በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ቋንቋ ነጥቦቹን ካርታ ላይ ታስቀምጣለች። «ማስታወሻ» የሚለውን ዓምድ ከዚያ በፊት ማንም ሞልቶት አያውቅም። እሱ ግን ሞላው።

«ጉድጓድ 14፦ ውሻ አለ። ሮጫለሁ።»

«ጉድጓድ 15፦ ውሻው ተከትሎኛል።»

«ጉድጓድ 16፦ ታርቀናል።»

ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች። ፋይሉን ስትመልስለት ከሥሩ ጻፈችበት፤ «ውሻው ደኅና ነው? አልነከስከውም?»

በማግስቱ አቧራ የጠገበ ጫማውን እየጎተተ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። «ስለ ውሻው ጤና የተጨነቀችው የትኛዋ ናት?» አለ። እጇን አወጣች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው ይሄዱ ጀመር፤ አውቶቡሱ ሲመጣ ደግሞ የሚቀጥለውን እንጠብቅ ይባባላሉ።

አንድ ቀን እዚያው ፌርማታ ላይ፣ «ያልገባሽ ነጥብ ካለ ደውይልኝ» አላት። «ካላመንሽኝ ቦታው ድረስ ሄደሽ እዪ። ወንበር ላይ ሆነሽ ግን እንዳትፈርጂብኝ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች እየሳቀች።

የፈረደችበት ግን ወንበሯ ላይ ሆና ነው።

ሪፖርቱ ለቀትር መድረስ ነበረበት። የእሱን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነጥቦች ከአሮጌው የወንዝ ካርታ ጋር ልታጣምር ስትል ፕሮግራሙ፣ «ሁለቱ የቦታ መለኪያ ሥርዓቶች አይመሳሰሉም» ብሎ እምቢ አላት። ሰዓቱን አየች። አንዲት መስመር ጽፋ አስመሰለቻቸው፤ ካርታው ወጣ። ሃምሳ ስምንት ጉድጓዶች ወንዝ ውስጥ ገብተው ነበር።

አለቃው ማኅተም የሌለበትን ነገር ስለማያምኑ ሠራተኛው ከጀርባቸው «ጋሽ ማኅተም» ይላቸዋል። ካርታውን ብድግ አድርገው አዩት። «ወንዝ ውስጥ ጉድጓድ! ይሄ ልጅ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው የሞላው» አሉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አንዴ ልየው» ልትል ትችል ነበር። ደውላም ልትጠይቀው ትችል ነበር። እሷ ግን፣ «ኮዱ ምንም ስህተት አላሳየም» አለች። ከሰዓት በኋላ ቀያሹ ከሥራ ታገደ።

ክፉ ቃል አልተናገራትም። «ያየሽውን ነው የተናገርሽው» አላት። በኋላ ግን ራሱን መጠራጠር ጀመረ። አባቱ የገዙለት መሣሪያ አንድ ጊዜ ወድቆበት ስለነበር፣ ያኔ ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይፈታታው ነበር። እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትንንሾቹን ብሎኖች በመዳፏ ትይዝለታለች።

አባቱም ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው። በወጣትነታቸው መሬት የሚለኩት በብረት ሰንሰለት ስለነበር ሰፈሩ «አባባ ሰንሰለት» ይላቸዋል። እሷም በተጋበዘችበት አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ የልጃቸውን ፊት ሊያፈኩ ብለው አሮጌ ካርታቸውን አምጥተው ዘረጉ።

«ይሄ የተሠራው በድሮው መለኪያ ነው» አሉ። «አዲሱ መሣሪያ የመጣ ጊዜ እንዴት እንዳጨቃጨቀን! ሁለቱን ሳታዛምድ ከደራረብካቸው ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይሸሻል።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ የበላችው ምግብ አልጣማትም።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ቢሮ ገብታ ኮዱን ከፈተች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች እኩል ሁለት መቶ ሜትር ወደ ምዕራብ ሸሽተዋል። የሚዋሽ ሰው እንዲህ በሥርዓት አይዋሽም! ያቺ የቸኮለች መስመሯ ነጥቦቹን ከአዲሱ መለኪያ ወደ አሮጌው አልቀየረቻቸውም፤ የአሮጌውን ስም ብቻ ለጥፋባቸዋለች። ፕሮግራሙ ይህን ማስጠንቀቁ አልቀረም ነበር። ግን ቀይ ጽሑፉ ስላሰለቻት ከወራት በፊት ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ ትእዛዝ ኮዱ አናት ላይ አስገብታ ኖሯል። ትእዛዙን ሰርዛ እንደገና ስታስኬደው ቀይ መስመር ብቅ አለ፦ የመለኪያውን ስም መቀየር ነጥቦቹን አያዛውርም።

ለማስተካከል አንዲት መስመር በቃች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች በየሰው ደጃፍ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ሮጣ ልትነግር ይገባ ነበር። ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ጋሽ ማኅተምን ፈርታ ብቻ አይደለም፤ ቀያሹ እውነቱን ሲሰማ በምን ዓይን እንደሚያያት አስባም ነው። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገም ነገ አለች። እሱ መሣሪያውን በፈታ ቁጥር እሷ መዳፏን ትዘረጋለች፤ ብሎኖቹ እንደ ፍም ያቃጥሏታል።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ልትጠይቃቸው ስትሄድ እሱ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። አባባ ሰንሰለት ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ዳማ የለም እንዴ አባባ?»

«ትቻለሁ። አንዱ ባለጌ ‹ልጅህ ወንዝ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ አሉ› ብሎ አሳቀብኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሳትደብቂ ንገሪኝ። ልጄ ያልረገጠውን ረገጥኩ ብሎ ነው?»

«አይደለም አባባ። ሁሉንም ረግጧል።»

«ታዲያ የሳተው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው አልጮሁም፤ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። «ይሄ ለእኔ የሚነገር አይደለም። እኔም አልነግርልሽም» አሉ።

ግቢው በር ላይ ጠበቀችው። ዳቦውን እንደታቀፈ እዚያው ቆመው ሁሉንም ነገረችው። ፊቱ መጀመሪያ ፈካ፤ አልተሳሳተም ነበራ! ቀጥሎ አንድ ነገር አሰበ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «አሥራ ዘጠኝ ቀኔ» አለች።

«በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ መሣሪያውን ሦስቴ ፈትቻለሁ። አጠገቤ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ስህተቱ ማንም ላይ ይደርሳል። እሱን ይቅር እልሻለሁ። ብሎኖቹን ይዘሽልኝ ዝም ማለትሽን ግን…» ገብቶ በሩን በቀስታ ዘጋው።

በሚቀጥለው ሰኞ በሠራተኛው ስብሰባ መሃል ተነሥታ ተናገረች። ጋሽ ማኅተም፣ «ማኅተም ያረፈበትን እገዳ እንዴት ነው አሁን የማነሣው?» ብለው ተቆጡ፤ አነሡት ግን። ቀያሹ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሷም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ይሄኛውን ዝም ልታሰኘው አልፈለገችም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ለጠፈችው።

ከዚያ በኋላ ፋይሎቹ በየሳምንቱ ይመጣሉ። መጀመሪያ የምታየው የመጨረሻውን ዓምድ ነው። ባዶ። አንድ ጊዜ «ይቅርታ» ብላ ጽፋበት ላከች። ባዶውን ተመለሰ። ሰባት ሳምንት ውሻም የለ፣ እርቅም የለ።

በስምንተኛው ሳምንት ሃያ ሦስት ነጥቦች መጡ። ቀይ ጽሑፍ አልታየም። ሃያ ሁለቱ በየቦታቸው ተቀመጡ፤ ሃያ ሦስተኛው ግን ራሱ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ የዘበኛው ቤት አጠገብ አረፈ። እዚያ ጉድጓድ የለም። ማስታወሻውም ባዶ ነው። ስህተት ነው ብላ ልትሰርዘው ጣቷን አነሣች።

ጣቷ እንደተነሣ ቀረ። ቁልፉን ሳትነካ ተነሥታ ሦስቱን ፎቅ በእግሯ ወረደች።

ቀያሹ ከዘበኛው ቤት አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ፣ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሰርዛኛለች ብዬ ልሄድ ነበር» አለ ቀና ሳይል።

«ልሰርዝህ ነበር።»

አሁን ቀና አለ። «እና?»

«መጥቼ ልየው አልኩ።»

ዘበኛው ያላየ መስሎ ሬድዮኑን ጎርጎር አደረገ።

«ንዴቴ አልወጣልኝም» አላት።

«አውቃለሁ።»

ከኪሱ ትንሿን ካቻቢቴ አወጣ። «ክዳኑ ላልቷል። ያዢልኝ» ብሎ አንድ ብሎን ዘረጋላት።

መዳፏን ዘረጋች።

«እንዳትጥይው።»

«ከጣልኩት» አለች፣ «ወዲያው እነግርሃለሁ።»