ሐሙስ የሚታረቁ ቃላት

አራሚዋ ብቻዋን መኖር አያስቸግረኝም ትል ነበር። የሚጠይቃት ሰው ስላልነበረ ይህንንም የምትለው ለራሷ ነው። ማታ በሯን ከፍታ መብራት ታበራለች፣ ሬዲዮ ትከፍታለች፣ የአንድ ሰው ራት ትሠራለች። የአንድ ሰው ራት ደግሞ ምንም ያህል ቢቀንሱት ይተርፋል።

ዕድሜዋን የሰው ጽሑፍ ስታርም ነው ያሳለፈችው። የዳቦ ቤት ማስታወቂያ ላይ የተገደፈ ፊደል አይታ፣ ዳቦውን ሳትገዛ ገብታ የተናገረች ሴት ናት። ማንም ያልጠረጠረው አመል ግን ነበራት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ለራሷ ቋንቋ ትፈጥራለች። የምታወራው ሰው ብታጣ የምታወራበትን ፈጠረች።

ይህ አመል በመጨረሻ ሥራ ሆናት። አንድ የፊልም አዘጋጅ በተከታታይ ፊልማቸው ውስጥ የተራራው ሕዝብ የሚናገረውን ቋንቋ እሷን አሠሩ፤ የባሕሩን ሕዝብ ቋንቋ ደግሞ አንድ የቀድሞ የሬዲዮ ዜና አንባቢን። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች እንዲመስሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አሁን ሦስተኛው ክፍል ስለ ጥንት አያቶቻቸው ሆነና እናትየዋ ቋንቋ ተፈለገች። ውኃ፣ እሳት፣ እጅ፣ መንገድ፣ መተኛት፣ መሞት፤ የትም ቢኖር ሰው የማይተዋቸውን ቃላት ከልጆቿ አፍ ተነሥቶ መልሶ ማግኘት ነው ሥራው።

ሁለቱ እስከዚያ ቀን ተያይተው አያውቁም ነበር።

«አሠራሩን ልንገራችሁ» አሉ አዘጋጁ፣ ጢማቸውን እየጎተቱ። «በየክፍላችሁ ለየብቻ ትሠራላችሁ። እያንዳንዳችሁ ከራሳችሁ ቋንቋ ተነሥታችሁ እናትየዋ ምን ትል እንደነበር ካርድ ላይ ትጽፋላችሁ። የተስማማችሁበት ይጸድቃል። የተጣላችሁበትን ሐሙስ ከሰዓት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታስታርቃላችሁ። ከሐሙስ ውጭ አትነጋገሩም፤ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል።»

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ግን ስስ ጣውላ ነበር፣ ለይስሙላ የቆመ። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል። እሷም ስትሠራ ቃላቱን ጮክ ብላ እየደጋገመች ነው፤ ብቻውን የኖረ ሰው ልማድ ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ በውኃ ተጣሉ።

«እኔ ኔባ ብያለሁ» አለ ዜና አንባቢው።

«እኔ ኔዋ።»

«የእርስዎ ሕዝብ ከንፈሩ በብርድ ደንዝዞ ‹በ›ን ትቶት ይሆናል።»

«የእርስዎስ ሕዝብ አፉን ዓሣ ሞልቶት እንዳልሆነ በምን ይታወቃል?»

ሳቀ። ሰው ካሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አላስታወሰችም። «እሺ» አለች፣ አንገቷን ሰብራ። «በውኃ ነገር ከባሕር ሰው ጋር አልከራከርም። ኔባ ይሁን።»

በሁለተኛው ሐሙስ «እርስዎ» ቀረ። በሦስተኛው ከሬዲዮ ለምን እንደወጣ ነገራት።

«ዜና ጨርሼ ‹ደህና እደሩ› እላለሁ። ከዚያ ቤቴ እገባለሁ፣ ‹ደህና እደር› የሚለኝ የለም። አንድ ቀን ለማን ነው የምለው ብዬ አሰብኩ። ካሰብኩት በኋላ ድምፄ እንደ ድሮው አልወጣልኝም።»

አራሚዋ እርሳሷን ቀረጸች። የተቀረጸ ነበር፣ ደግማ ቀረጸችው። የምትለው ነገር ነበራት፣ ግን ዋጠችው።

ሳምንቱ ሙሉ አፏ ተዘግቶ ይከርምና ሐሙስ ይከፈታል። ነገር ግን ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ፣ ክፋቱም ይኸው ነው። ድምፆቹ የሚለወጡበትን ሕግ እየለዩት ሲሄዱ የሚጣሉ ቃላት አነሱ። አንድ ሐሙስ «ጉልበት» የሚለውን ብቻ አስታረቁና ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ተነሡ። በዚያው ማታ ታላቅ እህቷ ደወለች።

«ሥራው አለቀ?»

«ሊያልቅ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ሲያልቅ ወደ እኔ ነይ። ልጆቹን ትይዥልኛለሽ፣ ጓዳው ባዶ ነው። እዚያ ብቻሽን ግድግዳ ስታዪ ልትኖሪ ነው?»

ክፋት የለባትም እህቷ፤ ግን ሰው ስትወድ ጓዳ ታስገባለች። አራሚዋ ስልኩን ዘግታ በእውነትም ግድግዳውን አየች። ሥራው ካለቀ ሐሙስ የለም፣ ሐሙስ ከሌለ እዚህ ከተማ የሚያቆያት የለም።

በማግስቱ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አውቃ ተሳሳተች።

ቀላል አልነበረም። የካርዱ ጥግ ላይ የተሳሳተውን ቃል ስትጽፍ እጇ እምቢ ይላት ነበር። ግን ሐሙስ ሲመጣ ጠረጴዛው በተጣሉ ቃላት ተሞላ፣ እስኪመሽም ተከራከሩ። እሱ በእያንዳንዱ ቃል ላይ እንደ ጠበቃ ይሟገታል፣ እሷ እያወቀች ትሸነፋለች፣ በልቧ ግን ደስ ይላታል። በሚቀጥለው ሳምንት ጨመረችበት።

አዘጋጁ ሞኝ አይደሉም። ካርዶቹን አገላብጠው መጡ።

«ወደፊት ስንሄድ ነበር፣ አሁን ወደ ኋላ ነው። ተዋንያኑን ለማስተማር አንድ ሰው ይበቃኛል፤ ሥራ የሚያጓትተው ይሰናበታል።» ይህን ሲሉ እሷን ነበር የሚያዩት። ዜና አንባቢው መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር።

የዚያን ሳምንት ስህተቶች ማረም ይገባት ነበር። አላረመችም። ከሥራው ይልቅ ሐሙሷን መረጠች።

ሐሙስ ደረሰ። አዘጋጁም ጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጡ።

«ከመጀመራችን በፊት» አሉ። «ይሄ ሰውዬ በቃኝ ብሎኛል። ዛሬ የመጨረሻው ቀኑ ነው። አንቺ ትቀጥያለሽ።»

ክው አለች። ቀና ብላ ብታየው ካርዶቹን እያስተካከለ ነው። ሰለቸሁት፣ አለች በልቧ። ጭቅጭቄ ሰለቸው።

እሱ በዚያ በሬዲዮ ድምፁ ማንበብ ጀመረ፣ እሷም የራሷን ካርድ እያነሣች ከእሱ ጋር አመሳከረች። ዛፍ፣ ተስማሙ። አጥንት፣ ተስማሙ። መንገድ፣ ተስማሙ።

«ይኸው፣ ሲፈለግ ይቻላል» አሉ አዘጋጁ።

«አመድ» አለ ዜና አንባቢው። «ጡሪ።»

እጇ ካርዱ ላይ ቀረ። ትክክለኛው ጡሊ ነው። ጡሪ ብላ የጻፈችው እሷ ናት፣ አውቃ። የእሱ የባሕር ሕዝብ ደግሞ ‹ረ› የሚባል ድምፅ ጭራሽ የለውም፤ ከራሱ ቋንቋ ተነሥቶ እዚያ ቃል ላይ ሊደርስ አይችልም። ይህን ቃል የሰማው በስሱ ጣውላ አልፎ፣ ከእሷው አፍ ነው። ዛፍም፣ አጥንትም፣ መንገድም፣ በድንጋጤ አላስተዋለችም እንጂ፣ እንደዚያው ስህተት ነበሩ። እሷ እንዳትያዝ ስህተቶቿን ሁሉ የራሱ አድርጎ ጽፎ፣ ቦታውን ሊለቅላት ነው።

ዝም ብትል ሥራው የእሷ ነው። እሱ ግን ኮቱን ወንበሩ ላይ አንጠልጥሎታል፣ አንሥቶት ይወጣል።

«ጋሼ» አለች። «ይሄ ስህተት ነው።»

«የቱ? ሁለታችሁም አንድ ነው ያላችሁት።»

«ለዚያ ነው ስህተት መሆኑ የታወቀው፤ በባሕሩ ቋንቋ ‹ረ› የለም። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ አንዱ ከሌላው ወስዷል ማለት ነው። እሱ ከእኔ ሰምቶ ነው የጻፈው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ሆን ብዬ።»

«ሆን ብለሽ? ለምን?»

«ሐሙስ እንዳያልቅብኝ።»

ዜና አንባቢው ካርዶቹን አስቀመጠ። አዘጋጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ ጣውላውን አዩ።

«እኔ ፊልም ነው የምሠራው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ከንዴት ይልቅ ድካም ነበረበት። «ካርዶቹን አስረክቡኝ። ሁለታችሁም።»

ውጭ ካፊያ ነበር። ከዚያ ክፍል ውጭ አብረው ቆመው አያውቁምና የሚያወሩት ጠፋቸው። ቁመቱ ረጅም መሆኑን ገና ያኔ አየች፤ እስከዛሬ ተቀምጦ ነበር የምታውቀው።

«መቼ አወቅህ?» አለች።

«መጀመሪያ የተሳሳትሽበት ሳምንት። አራሚ በአንድ ጊዜ እንዲያ አይበላሽም።»

«ታዲያ ለምን ስትከራከረኝ ትውል ነበር?»

«እኔስ ሐሙስ ከየት አመጣለሁ?»

ጥቂት ሄዱ።

«ያን ጊዜ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። «ሬዲዮ ላይ ደህና እደሩ ስትል እመልስልህ ነበር። ጮክ ብዬ። ማታ ማታ።»

ቆመ። ከዚያ «በየማታው?» አለ፣ ያ ዓመታት ዜና ያነበበው ድምፅ ተሰብሮ።

«በየማታው።»

ስልኳ ጮኸ።

«አለቀ?» አለች እህቷ። «ጓዳውን አስጠርጌዋለሁ። ቅዳሜ ነው የምትመጪው?»

«አልመጣም፣ እትዬ።»

«ምነው? ሥራ አለሽ?»

«ሥራስ የለኝም። አንድ ቃል ቀርቶናል።»

«‹ቀርቶናል›? አንቺና ማን?»

«በኋላ እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋች።

ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። «የትኛው ቃል ነው የቀረን?»

«አመድ።»

«እሱማ አልቋል። ጡሊ ነው።»

አራሚዋ ቀና ብላ አየችው።

«ጡሪ ነው» አለች።

«ጡሊ መሆኑን እያወቅሽ!»

«ጡሪ ነው። ከፈለግህ ቤት ገብተን እንከራከር፣ ራት ደግሞ ይተርፈኛል።»