ተጠያቂዋ እሷ፣ መላሹ እሱ

አንዱ ሲጠየቅ ሌላው የሚመልስበት ቤት ብዙ ነው። እንግዳ ገብቶ «እንዴት ነሽ?» ይላል፤ ሚስት አፏን ሳትከፍት ባል «ደህና ናት፣ ደህና ናት» ብሎ ይጨርሰዋል። ማንም ክፋት አያይበትም። እንዲያውም የመከባበር ምልክት ይመስለናል። በአንድ አናጺ ቤት ይኸው ልማድ የወሰደውን ነገር ግን ሐኪምም፣ ጸሎትም፣ ጸጸትም መልሶ ሊያመጣው አልቻለም።

አናጺው ከእናቱ፣ ከሚስቱና ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ይኖራል። መንገድ ዳር ሱቁ፣ ከኋላ መኖሪያ ክፍሎቹ፣ በመካከል ደግሞ አንዲት ጠባብ ጓዳ። እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። ከሱ ቤት የወጣ ቁም ሳጥን እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ያንን ብርሃን የምታወጣው ግን ሚስቱ ነበረች። እሱ ይቆርጣል፣ በመላጊያ ይልጋል፣ ይገጥማል፤ እሷ ጓዳው ውስጥ ተቀምጣ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች፣ ቫርኒሽ ትቀባለች፣ ሲደርቅ ደግማ ትቀባለች።

ይህን ደንበኛ አያውቅም። «ሚስቱን የሚያሠራ ወንድ ከተባልኩ ሞቻለሁ» ይላል አናጺው።

ስለዚህ የጓዳው መስኮት ተዘግቶ ይውላል። የምትዘጋው ደግሞ እናቱ ነበረች። «ፊትሽ ለመንገደኛ ማሳያ ነው እንዴ ልጄ? ሰው ምን ይላል?» እያለች መቀርቀሪያውን ትገፋዋለች። የቫርኒሹ ሽታ ዓይን ያስለቅሳል፤ የእንጨቱ ብናኝ ቅንድብ ላይ ያርፋል። አሮጊቷ ይህን ሳታይ ቀርታ አይደለም። እሷም ተዘግቶባት ነው የኖረችው። ባሏ በሕይወት ሳለ አንድም ቀን ከሱ ቀድማ ተናግራ አታውቅም፤ ይህንንም እንደ ሽልማቷ ነበር የምታወራው።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወሬ ይደራል። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ጋዜጣውን በብብቱ ይዞ ይመጣና የዓለምን ፖለቲካ ሁሉ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ይፈታዋል።

«ሰማህልኝ?» አለ አንድ ቀን። «ለሰፈሩ ምክር ቤት ሴቶችም ዕጩ ይሁኑ ተብሏል።»

«አገር የሚጠፋው ያኔ ነው» አለ አናጺው መላጊያውን ሳያቆም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ! እሷ ስብሰባ ስትዞር ቤቷን ማን ሊይዝላት ነው?»

«ተው እንጂ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ጨብጬ ኖርኩ እንጂ ያዞረችኝስ ሚስቴ ነበረች» ብሎ ሹፌሩ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ግን እኮ ሰዎቹ የሚሉት ያንተዋን ነው። ተምራለች፤ ነገር ማስረዳት ታውቅበታለች። የውሃው ቧንቧ የተቆረጠ ጊዜ ኃላፊዎቹን አፍ ያስያዘቻቸው እሷ አይደለች?»

«እሷ አትፈልግም።»

«ጠይቀሃታል?»

«ሚስቴ እኮ ናት! የገዛ ሚስቴን ምን ብዬ ልጠይቃት?»

ምራቲቱ ይህን ሰምታ ከጓዳው ብቅ አለች። የምትወለውልበት ጨርቅ እጇ ላይ ነበር። ልትናገር አፏን ስትከፍት የወጣው የተሰነጠቀ፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ የሚንቋረር ድምፅ ሆነ። አናጺው «ጉንፋን ይዟታል» አለ ለሹፌሩ። «ግቢ አንቺ፣ ንፋስ አይምታሽ።»

አሮጊቷም ከውስጥ ሆና፣ «እንኳን ዘጋሽ ልጄ! የጨዋ ሴት ድምፅ ከደጅ አይሰማም» ብላ ቀለደች።

ቀልዱ ከአፏ ሲወጣ ግን ልቧ ሸከክ አላት። ጉንፋን አለመሆኑን ታውቅ ነበርና። ከዚያ በፊት ልብስ አብረው ሲያጥፉ ምራቲቱ፣ «እማማ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር የተቀረቀረ ይመስለኛል። ድምፄ ከዘጋኝ ወራት አለፈው። ለሱ ስነግረው ጉንፋን ነው ይለኛል። እስቲ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ የእርስዎን ይሰማል» ብላት ነበር።

«እሺ ልጄ፣ እነግረዋለሁ» አለቻት። አልነገረችውም። ወንድ ልጅ በሥራ ተወጥሮ ሳለ በሴት ሕመም አይጨቀጨቅም ብላ ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

ሳል ተጨምሮ ሲበረታባት አናጺው ራሱ ደንግጦ ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ይወዳት ነበር፤ ይህ አይካድም። በመንገድ ላይ ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት። አሮጊቷም ተከትላቸው ሄደች። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ምራቲቱን አያት።

«እህቴ፣ ድምፅሽ ከተዘጋ ምን ያህል ጊዜ ሆነው?»

«ሳምንት ቢሆናት ነው» አለ አናጺው።

«እሷን ነው የጠየቅኩት።»

«እኔ ባሏ ነኝ፤ ምን ልዩነት አለው? እሷን ከማድከም እኔ ልንገርህ።»

ምራቲቱ «ኧረ ቆይቷል...» ብላ ጀመረች። አሮጊቷ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። ተይ፣ በሰው ፊት ባልሽን አታዋርጂው ማለቷ ነበር። ምራቲቱ አንገቷን ደፋች።

«ሥራዋስ ምንድን ነው? ጭስ፣ አቧራ፣ ቀለም ያለበት ቦታ ትውላለች?»

አናጺው እንደተሰደበ ሰው ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ሚስቴን አላሠራም! ቤቷ ተቀምጣ ነው የምትበላው።»

በሩ ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። ሐኪሙ ሽሮፕ አዘዘላትና፣ «ካልተሻላት ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ፤ ውስጡ መታየት አለበት» አላቸው።

አልተመለሱም። አንድ ሆቴል ብዙ አልጋ አዝዞ ነበርና ጓዳው እስከ ጣሪያው ሥራ ሞላው። ምራቲቱ ሽሮፗን እየጠጣች ስትቀባ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ትንሿ ልጅ እየጮኸች ወደ ሱቁ ሮጣ ወጣች። ሲደርሱ ምራቲቱ ከቫርኒሹ ቆርቆሮ አጠገብ ተንበርክካ፣ አንገቷን ይዛ፣ ትንፋሽ ለመሳብ ትታገል ነበር።

በትልቁ ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ሴት ነበረች። ለጊዜው ትንፋሿን ካስታገሱላት በኋላ፣ «ባልየው ውጭ ይጠብቁ» አለች።

«እኔ ከሌለሁ ማን ይመልስላታል?»

«አፍ አላት» አለችው ሐኪሟ፤ በሩንም ዘጋችው።

አሮጊቷ ልብስ ልታወልቅላት ከውስጥ ቀርታ ነበር። ምራቲቱ በዚያ በተሰበረ ሹክሹክታዋ ሁሉንም ተናገረች፤ ቫርኒሹን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ ስትውጥ የሚወጋትን፣ ስንት ወር እንደሆነው። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። አሮጊቷ ጥግ ቆማ የምራቷን ልብስ እንዳቀፈች አዳመጠች። በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዘመን ኖረው፣ ይህች ልጅ ይህን ያህል ስታወራ መስማቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ ሦስቱንም አስቀመጧቸው። «ጉሮሮዋ ውስጥ ዕጢ አለ፤ የድምፅ ሳጥኗን ይዞታል» አለች ሐኪሟ። «ሕይወቷን ለማትረፍ ማንቁርቷን ማውጣት አለብን። ከዚያ በኋላ አንገቷ ላይ በምንከፍትላት ቀዳዳ ትተነፍሳለች። እንደ ድሮው ግን አትናገርም።»

«ቫርኒሹ ነው?» አለ አናጺው። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

«እሱ ነው ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ገና ሲጀምራት መጥታችሁ ቢሆን ድምፅዋን የማትረፍ ዕድል ነበረን።»

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ልትገባ ስትል አናጺው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ያለቅስ ስለነበር፣ ጎንበስ ብላ ያደመጠቻት አሮጊቷ ናት። ሰው በመጨረሻ ቃሉ ትልቅ ነገር የሚናገር ይመስለናል። ምራቲቱ ያለችው ይህን ነው፦ «እማማ፣ የልጅቷ ጫማ ጠቧታል። ተረከዟን እየላጣት ነው። ሰፋ ያለ ይግዙላት።»

ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን የሰማ የለም።

ድና ቤቷ ገባች። አንገቷ ላይ ያለችው ቀዳዳ በስስ ጨርቅ ተሸፍናለች። ትንሿ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን እናቷን ሸሸቻት። ቆየት ብላም ጉያዋ ገብታ፣ «እማ፣ አንዴ ብቻ ጥሪኝ። ቀስ ብለሽ። ለማንም አልናገርም» እያለች ትለምናት ጀመር። እናት ትስማታለች። ምን ታድርግ?

አናጺው ሰሌዳና ጠመኔ ገዛላት። እሷ ጽፋ ታሳያለች፤ እሱ አንብቦ ለቤቱ ይናገራል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የልማድ ክፋቱ። እሷ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልታ ትሰጠዋለች፤ እሱ በዓይኑ ገረፍ ያደርግና፣ «ደክሟታል ነው የምትለው» ይላል። ሌላ ጊዜም ትሞላዋለች፤ «ውሃ ፈልጋ ነው» ይላል። ተንኮል አልነበረውም። ገና ድሮ የለመደውን ነው የሚያደርገው። አሮጊቷ ግን አሁን ማየት ጀምራለች። የምራቷ ፊት ላይ የሚያልፈውን ጥላ አየች። ይህን ሁሉ ፊደል ሞልታ የጻፈች ሴት ውሃ ብቻ ልትጠይቅ አይደለም ብላ አሰበች። ሰሌዳውን አንስታ ብትገለባብጠው ለሷ ጭረት ብቻ ነው። ፊደል አልቆጠረችም።

በማግስቱ ሻሿን አስራ ስትወጣ አናጺው ከሱቁ ጠራት። «እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ትምህርት ቤት።»

«ምን ልትሠሪ?»

«ምን ይሠራል ትምህርት ቤት? ልማር ነዋ!»

«በዚህ ዕድሜሽ? ሰው ምን ይላል እማዬ!»

«ሰው ምን ይላል ስንል ነው እዚህ የደረስነው» አለችው፤ መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች።

ሹፌሩ ከአግዳሚው ላይ፣ «እትዬ፣ ሲመረቁ ጋዜጣዬን ያነቡልኛል» ብሎ ቀለደባት። እሷም «ያንተን ጋዜጣ እንኳን ልማር፣ ባልማርም አውቀዋለሁ፤ ወሬው ሁሉ ወንዶች ስለተቀመጡበት ወንበር ነው» አለችው። አላፈረችም ማለት ግን አይደለም። ጎልማሶች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ከሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሷ ነበረች። ጠመኔው በጣቷ ይሰበራል። «ለ» እና «ሐ» እግራቸው እየበዛና እያነሰ ያደናግራታል። ቤት ስትገባ የምታስጠናት ምራቷ ናት፤ እጇን ይዛ ፊደሉን አብራት ትጽፋለች። በዚያች ጓዳ ውስጥ፣ አንዷ መናገር የማትችል አንዷ ማንበብ የማትችል ሁለት ሴቶች፣ ተያይዘው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉም።

ወገኖቼ፣ ሴት ልጅ ቤቷን ትውደድ፣ ባሏን ታክብር የሚል ሰው ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ወንዱም ለቤቱ ጥላ ይሁን። ነገር ግን ጥላ መሆንና አፍ መያዝ አንድ አይደለም። ሰው የራሱን ሕመም ራሱ ካልተናገረ ማን ያውቅለታል? ስለ ምክር ቤቱ፣ ስለ ምርጫው፣ ሴት ትምራ አትምራ እያልን ደጃፍ ላይ ስንከራከር፣ ከጀርባችን ባለው ክፍል ውስጥ ያለችውን ሴት ምን ሆንሽ ብለን ጠይቀን፣ መልሱን ከራሷ አፍ ጠብቀን እናውቃለን?

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቤት ነበሩ። ትንሿ ልጅ የእናቷን አንገት በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «እማ፣ ድምፅሽ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች።

እናት ሰሌዳውን አነሳች። ጻፈች። አናጺው እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን የተዘረጋውን እጅ አልፋ ሰሌዳውን ለአሮጊቷ ሰጠቻት።

አሮጊቷ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር አድርጋ፣ አንድ በአንድ፣ እየቆመች አነበበች። «ተ... ና... ግሬ... ነበር። የ... ሰማኝ... የለም።»

ሳትጨምር ሳትቀንስ ማንበቧን ከምራቷ ፊት አረጋገጠች።

ትንሿ ልጅ ወደ አያቷ ዞረች። «አያቴ፣ አንቺም አልሰማሽም ነበር?»

አሮጊቷ እዚያው አልሰማሁም ብትል ማን ያውቅባታል? ምራቷ ግን ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር። «ሰምቼ ነበር ልጄ» አለች። «ነግራኝ ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ።»

ምራቲቱ የተጻፈውን በመዳፏ ጠረገችና እንደገና መጻፍ ጀመረች። አናጺው ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ፣ «ይብቃ እማዬ፣ በቃ ገብቶኛል፣ እኔ ለልጅቷ እነግራታለሁ...» ሲል፣ አሮጊቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ አቋረጠች።

«ዝም በል አንተ» አለችው፣ ዓይኗን ከጠመኔው ሳትነቅል። «ገና ተናግራ አልጨረሰችም።»