ጥቁር ላይ ጥቁር

«ፍሬወይኒ፣ ምንም አይታይም እኮ» አሉ መምህር ዘርኡ።

ፍሬወይኒ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ግራ ዓይኗ በጦርነቱ ጊዜ በፍንጣሪ ጠፍቷል፤ ቀኙም ቢሆን ደማቅ ብርሃን አይችልም። «ፕሮግራሜ ስህተት የለውም መምህር። ቢኖረው በቀይ ይጽፍልኝ ነበር።»

«ወይ ፍሬ! ዝም የሚል ፕሮግራም ሠራሽ?» አለ ጀላሉ ከኋላ። የኮምፒዩተር ክበቡ ልጆች ሳቁ።

ጓደኛዋ ማሂ ግን አልሳቀችም።

ፍሬወይኒ ኮድ የምትጽፍበትን ኤዲተር ለዓይኗ በሚስማሙ ቀለሞች አስተካክላው ነበር። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናሉ፣ ግን የራሱ ቀለሞች ነበሩት፤ አይነበቡላትም። ስለዚህ ማሂ በአንድ መስመር ትእዛዝ የኤዲተሩን ቀለሞች ወደ ተርሚናሉ የሚያዛውር ትንሽ መሣሪያ ሠራችላት። ማሂ ለክበቡ ውድድር ያስገባችውም ይህንኑ ነው፤ ፍሬወይኒ ደግሞ የራሷን ፕሮግራም። የሚያሸንፈው አንድ ልጅ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ለሥልጠና ይሄዳል። መምህሩ ጠዋት የማሂን መሣሪያ አይተው «ጎበዝ!» ብለዋታል።

ማሂ ችግሩን ያገኘችው ትናንት ነው፤ ሥራዎቹ ከገቡ በኋላ። ፍሬወይኒ የቀለሞቹን ስም የጻፈችው በትግርኛ ነበር፦ «ቀይሕ»። ቤቷ አማርኛ የሚነገረው ማሂ ደግሞ መሣሪያዋን ያስተማረችው «ቀይ» ብላ ነው። የማያውቀው ስም ሲገጥመው ጥቁር ያደርገዋል። «ሰማያዊ» በሁለቱም ቋንቋ አንድ ስለሆነ የቀረው ጽሑፍ በደንብ ይታያል። ስህተቶቹ ግን ጥቁር ላይ በጥቁር ይጻፋሉ።

ዛሬ በር ላይ ፍሬወይኒ የማሂን እጅ ይዛ «ሞክረሽዋል ኣይደል ሓፍተይ?» ስትላት፣ ማሂ «አታስቢ እህቴ፣ ይሠራል» አለቻት።

«በቃ፣ ተቀመጪ» አሉ መምህሩ። «ውጤት የማያሳይ ሥራ ላይ ምን ነጥብ ልስጥ?»

ፍሬወይኒ አልተቀመጠችም። ያንኑ ትእዛዝ ደግማ ጻፈች። ደግማ።

ማሂ ተነሥታ ወደ ፊት ሄደች። ማውሱን ከፍሬወይኒ እጅ ወስዳ ባዶውን ቦታ ከላይ እስከ ታች ጎትታ መረጠችው። ተደብቀው የነበሩት መስመሮች ብቅ አሉ።

«ጥፋቱ የመሣሪያዬ ነው መምህር። ቀይሕን አያውቀውም።»

መምህር ዘርኡ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «አንድ ቅንፍ ነው የጎደላት» አሉ። «ይቺን አሁኑኑ ታስተካክያታለሽ፣ ፍሬወይኒ።» ከዚያ ወደ ማሂ ዞሩ። «ያንቺ ግን... እንግዲህ እንደገና መታየት አለበት።»

ፍሬወይኒ ስክሪኑን አላየችም። ማሂን ነበር የምታየው።

«አሁን ነው ያወቅሽው ኣይደል?» አለች ቀስ ብላ። አዎ እንድትላት የምትለምን ትመስል ነበር። አዎ ብትላት ማንም አያውቅባትም።

«ትናንት» አለች ማሂ።