መንገድ የዞረለት አውድማ

እኔ በመንፈስም በድግምትም የማላምን ሰው ነኝ፣ ልጅ ሳለሁ ጅብ በሰው አፍ ይናገራል ብለውኝ ጉድባ ለጉድባ ተከትዬው ያገኘሁት ጅብ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ይህን የማወራህ ላስፈራራህ እንዳይመስልህ።

ከደብረ ታቦር በጋይንት አድርጎ ወደ ወሎ የሚያልፍ የመኪና መንገድ ሊወጣ ነው ተብሎ ቀያሾች ሲመጡ፣ እኔ ቀን ችካል እየመታሁ ማታ ግጥም እሞነጫጭር ነበር። ቀያሹ በመነጽሩ አይቶ «እዚያ» ይላል፣ እኔ እዚያ እመታለሁ። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ግን «እዚያ» ያለው የአያ ንጋቱ አውድማ መካከል ሆነ፣ ገብሱ ዳር ላይ ተከምሮ ውቂያ ይጠብቃል።

«አንተ፣ ጫማህን ሳታወልቅ ነው አውድማ የምትገባው?» አሉኝ ሽማግሌው። እህል የቀረበበት አውድማ በጫማ እንደማይረገጥ አውቃለሁ፣ ግን ጫማዬ አዲስ ነበር፣ ቀያሹም ይቸኩላል፣ ገብቼ መታሁት።

አያ ንጋቱ ወደ ቀያሹ ዞሩ። «ጌታው፣ የጥንቱ መንገድ በላይ በኩል ነው። ንጉሡ ያን ትልቅ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ አያቴ ጠፍር ይዞ ከጎታቾቹ አንዱ ነበር። እዚህ ሲደርሱ እህል አለበት ተባለ፣ ጫማ ያለውም አውልቆ ሁሉም ዞረ። አገር ያቃጠሉ ንጉሥ የፈሩትን እርስዎ ባይፈሩ እንኳ፣ እኔ ከዚህ ሌላ ሜዳ የለኝም፣ ገደል ላይ አልወቃ።»

ቀያሹ ሳቀ። «አባባ፣ መድፍ ሰው ይጎትተዋል። መኪና ጎታች የለውም፣ ቀጥ ያለ ይወዳል።»

በማግስቱ ማለዳ፣ ችካሎቹ አለመነቀላቸውን አይተህ ና ተብዬ ብቻዬን ሄድኩ፣ ጉሙ የገዛ እጄን አላሳይ ብሏል። አውድማው ጠርዝ ስደርስ መጀመሪያ የሰማሁት የጠፍር ሲጥታ ነው፣ እመነኝ፣ ጠፍር ሲወጠር የሚያሰማውን በሬ የጠመደ ሁሉ ያውቀዋል፣ ይህ ግን የሺህ ጥማድ ነው። ቀጥሎ ትንፋሽ መጣ፣ ዘፈን የለ፣ ትእዛዝ የለ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው ደረት በአንድነት «እህ» ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ «እህ» ይላል። መሬቱ ከእግሬ በታች ተንቀጠቀጠ። ልሮጥ ነበር፣ ግን እንዴት ብዬ ላስረዳህ፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ ቅዳሴ መካከል እንደገባ ሰው ቆምኩ። ያ ክብደት እስከ አውድማው አፋፍ መጥቶ ቆመ። ጸጥ አለ። ከዚያ እግሮች፣ ባዶ እግሮች፣ ቀስ ብለው በላይ በኩል ዞሩ።

ጉሙ ሲገለጥ ችካሌ አውድማው ላይ የለም። ከግራ ከቀኝ ያሉት ጭምር በላይ በኩል እንደ ማጭድ ታጥፈው ተተክለዋል፣ አናታቸው ላይ የእኔው መዶሻ ምት አለ። አውድማው ላይ ከትናንቱ የጫማዬ ዱካ በቀር አንድም ዱካ የለም።

ቀያሹ መጥቶ «ሽማግሌው ነው» አለ፣ አያ ንጋቱ ግን ማምሻውኑ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ሄደው ማኅሌት ላይ ነው ያደሩት፣ ካህናቱ ሁሉ አይተዋቸዋል። ቀያሹ በመነጽሩ አየ፣ ለካ፣ ደግሞ ለካ። «ዳገቱ በዚህ ይቀላል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወረቀቱም ላይ መንገዱን አጠፈው።

መኪናው እስካሁን አልመጣም፣ አያ ንጋቱም እዚያው ይወቃሉ። ለቀያሹ ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ፣ ጉሙ ሲገለጥ ባዶ እግሬን ነበርኩ፣ ጫማዬ በማሰሪያው አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መቼ እንዳወለቅኩት አላውቅም። ሁለቱም መዳፎቼ በጠፍር ስፋት ልክ ተልጠዋል፣ ያን ጠዋት ደግሞ አንዲት ገመድ እንኳ አልያዝኩም። ቁስሉ ድኗል። ሰንበሩ ግን ጉም በወረደ ቁጥር ይሞቃል።