ለእኔ ያድርገው

በዚያ ሆስፒታል ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ አለ፣ ሕመም ሊካፈል የሚመጣም አለ። ሕመም የሚካፈሉት «አካፋይ» በሚሏት ጥንድ አምባር ነው፤ አንዷ በታማሚው፣ ሌላዋ በጠያቂው እጅ ላይ ትታሰርና ሕመሙ ለሁለት ይከፈላል።

የአንዷለም እናት ወይዘሮ የሺመቤት ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ተኝተዋል። የታዘዘላቸው ሞርፊን ትንፋሻቸውን እያዘገየ ስላስቸገረ መጠኑ ተቀነሰ። አንዷለም ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በጠያቂው ሁሉ ፊት «ለእኔ ያድርገው እማዬ! ለእኔ!» ሲል ስለዋለ፣ ሲስተር ፍሬሕይወት አምባሯን ስታመጣለት እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም።

«ግማሹን ነው የምትወስድላቸው» አለችው እያሰረችለት። «ካልቻልክ ይቺን ቁልፍ ወደ ግራ ታዞራለህ። ያለችው ባንተ በኩል ብቻ ነው።»

ሕመሙ ሲመጣ ዳሌውን በመጥረቢያ የመቱት መሰለው። ሲስተሯ እንደወጣች እጁን የእናቱ ብርድ ልብስ ሥር ከተተና ቁልፏን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞራት።

«ተመስገን፣ ቀለል አለኝ» አሉ እናቱ።

«እንዲህ ነው ልጅ መውለድ!» እያሉ ጠያቂዎቹ መረቁት። አንዷለም አንገቱን ደፋ፤ እነሱ ትሕትና መሰላቸው። ምናልባት መሣሪያው ተበላሽቶ፣ ሳይካፈሉትም የሚያስታግስ ሆኖ ይሆናል ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ።

ጠያቂው ሲበተን ሲስተሯ ተመልሳ የሕመሙን ልክ የምታሳየውን የእናቱን አምባር አየች። ደነገጠች።

«እማማ፣ ሕመምዎ እኮ ምንም አልቀነሰም! ማን ነው ያጠፋው?»

አንዷለም «እኔ» ሊል አፉን ከፈተ። እናቱ ቀደሙት።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ፊቱ ጭምድድ ሲል አላስችል አለኝ።»

ሲስተሯ አንዷለም እጅ ላይ ያለችውን ቁልፍ አየት አድርጋ «እሺ እማማ» ብቻ ብላ ወጣች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ቀና ሲል የእናቱ ላብ ትራሱን አርሶታል። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጦ አላየውም ነበር።

«አፈርክ እንዴ?» አሉት ቀስ ብለው። «ግድ የለም። ያማል እኮ።»

አንዷለም ቁልፏን ወደ ቀኝ አዞረ፤ ሕመሙ መጣ፤ ሳያስበው አቃሰተ።

«ለእኔ ያድርገው!» አሉ እናቱ።

ያንን ቃል እሱም ሲለው ውሎ ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ነው።