ለማኑሄ የተያዘው በረዶ

ትሩፋት የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነው። ትምህርት ትወዳለች፤ መዝሙርም ቶሎ ትይዛለች። አንድ አመል ግን አለባት፤ ጓደኞቿን ማሳቅ ትወዳለች፤ ለሳቅ ስትል ምላሷ ከልቧ ይቀድማል። ልጆቼ፣ እዚህ መካከላችንም እንደሷ ያላችሁ አላችሁ። ስም አልጠራም። አንተ ኋላ የተቀመጥከው ግን ዞር ዞር አትበል፤ ስማ!

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ፋሲካን ትሩፋት ያሳለፈችው መተሐራ፣ አክስቷ ተናኘ ቤት ነበር። መተሐራ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት ትንሽ የበረሃ ከተማ ናት። የአክስቷ ባል ጋሽ ዋቅጅራ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ልጃቸው ገዲሴ የትሩፋት እኩያ ናት፤ እጇን ይዛ ከተማውን ሁሉ አዞረቻት። ለማየት የሚከፈል ነገር አልነበረም። የግመል ገበያውን በነጻ፣ እሳተ ገሞራ የተፋውን ጥቁር ድንጋይ በነጻ፣ ጨዋማውን ሐይቅ በነጻ አሳየቻት።

መጨረሻ ላይ ባቡሩን ልታሳያት ወሰደቻት። ባቡሩ ድንገት ሲጮህ ትሩፋት "እማዬ!" ብላ እግሬ አውጪኝ አለች፤ አንድ ጫማዋ እዚያው ቀረ። የሰፈሩ ልጆች መሣቅ ጀመሩ።

"ምን ያስቃችኋል? እንግዳ አይደለችም እንዴ?" ብላ ገዲሴ ተቆጣቻቸው። ከዚያ ጫማውን አንሥታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ለትሩፋት አጠለቀችላት።

ይህን አትርሱ፤ ትሩፋት ረስታው ነበር።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ገዲሴ መካኒሳ መጣች። የትሩፋት እናት፣ "በይ፣ አንቺም በተራሽ አስጎብኚያት። ለመዞር ገንዘብ አያስፈልግም" አለቻት። ትሩፋትም የአቦን ትልልቅ ዛፎች፣ የሞላውን ወንዝና ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበትን የፉሪን ዳገት አሳየቻት። ገዲሴ በሁሉም ትደነቃለች። ድልድዩ ላይ ቆማ፣ "ይሄ ሁሉ ውሃ ዝም ብሎ ይሄዳል? ማንም አይቀዳውም?" አለች ጮክ ብላ። መንገደኛ ዞሮ አያት። ትሩፋት አፈረችባት።

ገዲሴ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከትሩፋት ጓደኞች ከናዝሬትና ከዚነት ጋር ናዝሬት ቤት በረንዳ ላይ ሲጫወቱ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮው ተንኳኳ። ገዲሴ በሕይወቷ በረዶ አይታ አታውቅም። ዘላ ወጣችና ራሷን እየመታት በቀሚሷ ትለቅም ጀመር።

"ከሰማይ የወረደ ድንጋይ! ይበላል እንዴ?"

"ትሩፋት፣ ይቺ ናት ዘመድሽ?" አለች ናዝሬት። ዚነትም ከት ብላ ሣቀች።

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ትሩፋት "እንግዳ አይደለችም እንዴ?" ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

"ገዲሴ፣ ለማኑሄ ለምን አትወስጂለትም?" አለች። ማኑሄ የገዲሴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገና አምስት ዓመቱ ነው። "ጨው ነስንሰሽ በቆርቆሮ ከከደንሽው እስከ መተሐራ አይቀልጥም።"

"እውነት?"

"እውነት ስልሽ! እኛ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምናደርገው።"

ናዝሬት ሣቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ገዲሴ ግን አመነች። በረዶውን በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞልታ፣ ጨው ነስንሳ፣ እነትሩፋት ቤት ስትመለስ ከሻንጣዋ ልብስ መሐል ሸጎጠችው። "ማኑሄ ሲያየው ምን ይል ይሆን?" እያለች ብቻዋን ፈገግ ትላለች። ትሩፋት ልትነግራት አሰበች። አፏ ግን አልታዘዝ አላት።

ጠዋት ጋሽ ዋቅጅራ ሊወስዳት መጣ። የትሩፋት እናት የገዲሴን ሻንጣ ስትከፍት የጉዞ ቀሚሷ ርሷል፤ ለማኑሄ የተቆላው ቆሎም በስብሷል።

"ምን ጉድ ነው? ማነው እዚህ ውሃ የደፋው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች ገዲሴ እንባዋ ግጥም ብሎ። "በረዶውን አጥብቄ አልከደንኩትም። ትሩፋት በደንብ ነግራኝ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ትሩፋት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ልቧ ግን ዝም አላሰኛትም።

"እማዬ፣ እኔ ዋሽቻት ነው። እንዲሣቅባት ብዬ ነው።"

ገዲሴ ቀና ብላ አየቻት። "አውቀሽ ነው?"

"አውቄ ነው።"

ገዲሴ ቀሚሷን አንሥታ ውሃውን ትጨምቅ ጀመር። በጥፊ ብትመታት ለትሩፋት ይሻላት ነበር።

"ይቅር በይኝ፣ ገዲሴ።"

"እዚህ አይደለም" አለች እናቷ። "በአደባባይ ያዋረድሻትን በጓዳ ይቅርታ አትጠይቂም። ተነሽ!"

ትሩፋት አንገቷን ደፍታ፣ ገዲሴን አስከትላ፣ እነናዝሬት ቤት ደጃፍ ናዝሬትና ዚነት ፊት ቆመች። "ውሸታሟ እኔ ነኝ" አለቻቸው። "እኔ ባቡር ፈርቼ ስሮጥ እሷ አልሣቀችብኝም። ጫማዬን ነው ያነሣችልኝ።" ናዝሬትም መሬት መሬት ታይ ጀመር። ዚነት ወደ ቤቷ ሮጣ ሄዳ አንድ ፓኮ ብስኩት አመጣችና፣ "ለወንድምሽ" ብላ ለገዲሴ ሰጠቻት።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለች ገዲሴ ለትሩፋት። "ለማኑሄ በረዶ አመጣልሃለሁ ብዬ ትናንት ማታ በስልክ ነግሬዋለሁ። ለምን እንደቀረ ግን አንቺ መጥተሽ ንገሪው።"

ለገና ትሩፋት ከእናቷ ጋር መተሐራ ወረደች። ገዲሴ ትሩፋትን ጠይቃት ብላው ስለነበር፣ ማኑሄ ጣቢያው ላይ እየጠበቃት ነበር።

"በረዶዬስ?" አለ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ትሩፋት ፊቷ በርበሬ መሰለ። ቢሆንም በርከክ ብላ ነገረችው። "በረዶ መንገድ ላይ ይቀልጣል፣ ማኑሄ። እያወቅሁ ነው ገዲሴን ያታለልኳት። አንተንም በከንቱ አስጠበቅሁህ።"

ወዲያው ባቡሩ ሊነሣ ጮኸ፤ ትሩፋትም ክው አለች። ትንሹ ልጅ ቶሎ ብሎ እጇን ያዘ።

"አትፍሪ" አላት፤ "እኔ ይዤሻለሁ።"

ያኔ ትሩፋት አለቀሰች።

ልጆቼ፣ ያመነንን ሰው ለሳቅ ብለን አናታልል፤ ካታለልንም ባሳፈርነው ቦታ ቆመን እውነቱን እንናገር።